ረዳት እስከ መቼ? ለባለንብረቶች በምናቀርበው ሐሳብ ላይ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ደብረ ብርሃን ላይ ያወራነውን ሳይበርድ እንጻፈው። ዓመታት በከባድ መኪና ረዳትነት የከረመ ልጅ ደረቅ 3፣ የተሳቢ መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቶ በሹፌርነት ሥራ ሲጠይቅ «ልምድ አለህ?» ይባላል። አለው። ማን ፈርሞለት ያሳይ? ስለዚህ የመኪና ባለንብረቶች ለረዳቶች የጉዞ ደብተር እንዲፈርሙ እንጠይቅ። ጨምሩበት።

ረዳት፣ ከደብረ ሲና፦
4 ዓመት ሆነኝ። ክረምት ላይ ጣርማበርን ስንወርድ ጉሙ መብራቱን ውጦት፣ ተሳቢው ከኋላ እየገፋን፣ የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢና ድረስ ገባ። ሹፌሬ እንደምንም ፍጥነቷን ሲቀንስ ታኮ ይዤ ዘለልኩ። ጎማው ስር ስከት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ግን አንዱ ጋ ሄጄ «አንተማ ጀማሪ ነህ» ተባልኩ። ሳቄ መጣ።

ጡረተኛው ሹፌር፦
እግዜር አወጣህ ልጄ። ሹፌርህ ግን አጥፍቷል። ጣርማበር ላይ ካለው ከጣሊያን ዋሻ ወጥተህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ፣ ዝቅተኛውን፣ ካላስገባህ፣ ፍሬን እየረገጥኩ ልውረድ ካልክ፣ ሸራው ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ ብትረግጠውም አይዝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከዚያም በላይ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ከጣርማበር በኋላ ያ ሁሉ መውረጃ ነው። እና ደብተሩ ላይ «ጅቡቲ ደርሶ መጣ» ብቻ አይጻፍ። ጎማ ቀይሯል? ጭነት አስሯል? የማርሽ አያያዝ ሲነገረው ገብቶታል? ይሄ ይጻፍ። ያለ መንጃ ፈቃድ መሪ ይያዝ ማለቴ አይደለም፣ እንዳታጣሙብኝ።

የሲኖትራክ ሹፌር፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ሰዓትም ይግባ በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። እኔ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ወረፋ ስጠብቅ ያደርኩበትን ማን ቆጠረልኝ? አበሉም እንደዚያው።

ጸሐፊዋ፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን አበልን ከዚህ ጋር ካነካካነው የረዳቶቹም ነገር አብሮ ይቀራል። ለብቻው ሌላ ደብዳቤ እንጽፍለታለን፣ አንተ ጀምረው።

ባለ አንድ አይሱዙ፦
እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ግን የፈረምኩለት ልጅ ነገ ሌላ ሰው መኪና ቢገለብጥ ወደኔ ነው የሚመጡት? እሱን ጥርት አድርጉልኝ። ካልሆነ ማንም ባለንብረት እስክሪብቶ አያነሳም።

ጸሐፊዋ፦
ጥሩ ጥያቄ። እንዲህ ብንለውስ፦ «ፈራሚው በራሱ መኪና ላይ ያየውን ይመሰክራል፤ ለወደፊት ጥፋት ዋስ አይሆንም።»

ባለ አንድ አይሱዙ፦
እንዲህ ከሆነ ተስማማሁ።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ሹፌሩም ከጎን ይፈርም። ባለንብረቱ ቤቱ ተኝቶ ምን አይቶ ነው የሚመሰክረው?

ጸሐፊዋ፦
ገብቷል። ሁለት ፊርማ። ባለፈው እሁድ የመንጃ ፈቃድ ማውጫውን ወጪ በእቁብ እንሸፍን ያላችሁት ለሚቀጥለው እሁድ ይቆየን።

ረዳት፣ ከደብረ ሲና፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ይኑረው። ጋቢና ውስጥ ዘይት የማይነካው ወረቀት የለም።