ግቢያችን ብየዳ ቤት ገብቶብን አራስ ይዘን አልተኛንም፤ አከራዩን ምን ማድረግ ይቻላል?

የማራኪዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነን። ይህን ስጽፍ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ግራይንደሩ አሁንም ይጮሃል። እህቴ ከወለደች ገና 12 ቀኗ ነው። ሕፃኑ እየባነነ ያለቅሳል፣ ብየዳው በነካ ቁጥር አምፖላችን ይደበዝዛል፣ ብልጭታው በመጋረጃው ዘልቆ ግድግዳችን ላይ ይርገበገባል። ለአከራያችን ብነግራቸው «እነሱም ተከራይ፣ እናንተም ተከራይ፤ እርስ በርስ ተስማሙ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ሕግ አለ ወይስ የለም? ዛሬ ማታ የሚሆን ነገር ንገሩኝ እባካችሁ።

ሳሞና በር
ቀበሌ አመልክቺ።

የአዘዞው
እንኳን ማርያም ማረቻት! ወደኛ ሰፈር ኑ፤ ጩኸት የለም። ውኃም የለም እንጂ።

ሕግ 4ኛ ዓመት
ነገሩን ከሥሩ እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይን ቁልፍ አስረክቦ ብር ተቀብሎ የሚገላገል ሰው አያደርገውም፤ ተከራዩ በቤቱ በሰላም እንዲገለገል የማድረግ ግዴታ አለበት። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1149 ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው፣ በይዞታዬ ላይ የሚደርሰው ረብሻ ይቁምልኝ የሚል ክስ አለ፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ይታገዳል። ተከራይ በዚህ አንቀጽ መክሰስ ይችላል ወይ የሚል ክርክር ሊነሳብሽ ስለሚችል፣ ክሱን በኪራይ ውሉ በኩል ማቅረቡ ይሻላል ባይ ነኝ።
ቀጥሎ አዋጅ 1320/2016 አለ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር የሚባለው። ውል በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ግን ክልሉ ሲወስን ነው። ደግሞም ጉልበቱን ያፈሰሰው ጭማሪና ማስለቀቅ ላይ ነው፤ እንደናንተ በገዛ ቤቱ እንቅልፍ ላጣ ሰው ብዙም አላሰበም። እኔ ባሻሽለው አንድ ነገር እጨምር ነበር። አከራይ በዚያው ግቢ ሁከት ያለበት ሥራ ካከራየ፣ ሁከቱ እስኪቆም የቀድሞዎቹ ተከራዮች ኪራይ ይቀነስ። ኪሱ ሲነካ በሩን ይከፍታል።

ባለ ሰርቪሱ
ይሄ ልጅ ተመርቆ ሲወጣ ምን ሊያደርገን ነው! እኔ አከራይ ነኝ፣ አልደብቅም። በያጁስ የማን ልጅ ነው? ቀን መብራት ሲጠፋበት ማታ ካልሠራ ምን ይብላ? አከራዩስ ለእያንዳንዱ ጩኸት ዳኛ ሊሆን ነው? ጸጥታ የፈለገ ገዳም ይግባ።

ቀሃ ዳር
ገዳምም በሌሊት ይደወላል፣ ጋሼ።

ለንደን ያለሁ የአራዳ ልጅ
ባለ ሰርቪሱ ያሉት ተራ ነገር አይደለም። እዚህ እንግሊዝ አገር ተከራይ ቤቱን በጸጥታ የመገልገል መብት አለው ይባላል፤ ጸጥታ ሲባል ግን ድምፅ አይሰማ ማለት ሳይሆን አከራዩ አጠቃቀምህን አያውክ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1999 የለንደኑ ሳውዝዋርክ ሰፈር ተከራዮች የጎረቤት ኑሮ በግድግዳው አልፎ እየተሰማን ተቸገርን ብለው አከራያቸው የነበረውን ማዘጋጃ ቤት ከሰው ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው ጌቶች ምክር ቤት ደረሱ። ተረቱ። ጎረቤቶቹ እንደማንኛውም ሰው እየኖሩ ነው፣ ግድግዳውም ስትከራዩት እንዲሁ ስስ ነበር ተባሉ። ብየዳ ግን ኑሮ አይደለም፣ ሥራ ነው። እና እህቴ፣ እናንተ ስትገቡ ብየዳው ነበር? ይሄን ሳትነግሪን ሁላችንም በጨለማ እየተኮስን ነው።

የማራኪዋ (ጠያቂ)
ኧረ አልነበረም። እኛ የገባነው መስከረም ላይ ነው፤ ያኔ ያ ክፍል የአከራያችን የጤፍ ማስቀመጫ ነበር። በያጆቹ የመጡት ከጥምቀት ወዲህ ነው። የወረቀት ውል የለንም፣ ደላላው በአፍ ነው ያስማማን። ኪራዩን ግን በየወሩ በባንክ ነው የምልከው።

ሕግ 4ኛ ዓመት
የባንኩን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቢ፤ መከራየትሽን ያሳይልሻል። ከመስከረም ጀምሮ መክፈልሽ ብቻ ከበያጆቹ እንደምትቀድሚ ይናገራል።

ሳሞና በር
ቀበሌ አመልክቺ አልኩሽ እኮ።

ባለ ሰርቪሱ
ውል ሳይኖር ክስ! ይሁና።

ፌዝ ሦስት
ሕፃኑን ተዉት፣ ብየዳ ለምዶ በአምስት ዓመቱ ሱቅ ይከፍትልሻል።
ቀልዱን ልተወውና፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ያ የአምፖል መደብዘዝ አልጣመኝም። ማሽኑ ከእናንተው ቆጣሪ እየሳበ ሊሆን ይችላል። ነገ ብየዳ ሲጀምሩ የእናንተን ብሬከር አጥፊና ማሽኑ ይቆም እንደሆነ እዪ። ከቆመ የሰውየውን ብረት የምታቀልጡለት እናንተ ናችሁ። አከራዩ ስለ ጩኸት ቢነገራቸው ላይሰሙ ይችላሉ፤ ቆጣሪ ሲባል ግን ይነሳሉ፣ ምክንያቱም ቆጣሪው በስማቸው ነው፣ ለመኖሪያና ለንግድ የሚከፈለውም ታሪፍ ለየቅል ነው።
ለዛሬ ማታ፦ ፍሪጅ ካላችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ኃይሉ ወጣ ገባ ሲል ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉበት፤ ብልጭታው ለዓይን አይሆንም፣ ለሕፃን ደግሞ ጭራሽ።

የማራኪዋ (ጠያቂ)
ቆጣሪው ለአራት ቤት አንድ ነው፣ ሂሳቡን እናዋጣለን። ባለፈው ወር በጣም ጨምሮ መጣብን፤ እኛ ለአራሷ ውኃ ስለምናሞቅ ነው ብለን ዝም አልን!

ፌዝ ሦስት
ይኸው። የባለፉትን ወራት ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጪ።

የጤና ባለሙያ
ድምፅም እንደ ብክለት ይቆጠራል፤ አዋጅ 300/1995 ውስጥ ተጠቅሷል። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። 45 ማለት ቀስ ብሎ እንደመነጋገር ያለ ነው፣ ግራይንደር ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት። ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ማመልከቻ ስትጽፉ ይህን ጥቀሱ፤ ሰዓቱንና ቀኑን በየማታው በደብተር መዝግቡ።

እትዬ ጎረቤት
ልጄ፣ ሁሉም ደህና ብለዋል፤ ግን አንዳችሁም ከበያጁ ጋር ተነጋገሪ አላላችኋትም። አከራዩ አራስ መኖሯን ለልጁ ነግረውታል ብለሽ ነው? እኔ አይመስለኝም። ገንፎ በሳህን ይዘሽ ሂጂ፣ በር ላይ ቁመሽ «አራስ አለችብን» በይው። የአራስ ነገር ሲነሳ እንኳን በያጅ ሌላም ይለዝባል። እምቢ ካለ የዕድራችሁን ዳኛ ይዘሽ ወደ አከራዩ ተመለሺ፤ ቀበሌው የዚያን ጊዜ ይደርሳል።

ሳሞና በር
እኔም ያልኩት ቀበሌ ነው።

የማራኪዋ (ጠያቂ)
እሺ እትዬ። ገንፎው በድስቱ ውስጥ ቀርቷል፣ ቅቤ ልጨምርበትና ልሂድ።

የማራኪዋ (ጠያቂ)
በሩን ልከፍት ስል መብራት ጠፋ። ግራይንደሩም ቆመ። ሕፃኑ ተኝቷል፣ እኔም ልተኛበት። ገንፎው ለነገ።

የአዘዞው
በሕይወቴ መብራት ጠፋ ብሎ ሰው ሲደሰት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፌዝ ሦስት
እህቴ፣ ሦስት ቀን ሆነ። ብሬከሩን አጥፍተሽ አየሽ?