ለሞተርሆም የሳተላይት ዲሽ፦ ጣሪያ ላይ ይተከል ወይስ መሬት ላይ ይቁም?

ጥያቄ፦ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ። 6.5 ሜትር ርዝመት ያለው ሞተርሆም አለኝ። ጣሪያው ሳንድዊች ነው፤ ከላይ ስስ ፋይበርግላስ፣ መሐሉ ፎም፣ ከታች ስስ ኮምፔንሳቶ። አንድ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ 24 ኢንች ቲቪና እንዲሁ በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨር አለኝ። ዲሽ ግን ገና አልገዛሁም። ያየኋቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቁልፍ ሲጫን ራሱ ተነስቶ ሳተላይት የሚፈልግ የጣሪያ ዲሽ፣ በፕላስቲክ ጉልላት የተሸፈነ ዶም፣ እና በትራይፖድ መሬት ላይ የሚቆም 60 ሳንቲሜትር ዲሽ። ብዙ ጊዜ የማቆመው ዛፍ ያለበት ቦታ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አንድ ቦታ አልቆይም፣ ከሰሜን ወደ ደቡብም ረጅም መንገድ እሄዳለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ጣሪያውን መብሳትስ ግድ ነው? ባትሪውስ ይችላል?

መልስ፦ ባለ ዲሹ

ወንድሜ፣ መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ፤ «ዛፍ ያለበት ቦታ» ብለሃል። ጣሪያ ላይ የታሰረ አንቴና መኪናው ከቆመበት ሌላ የሚያይበት ቦታ የለውም። አንተ ጥላ ፈልገህ ካቆምክ እሱም ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ሲግናሉን ይውጠዋል። ትራይፖድ ከሆነ መኪናው ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ዲሹን በ15 ሜትር ኬብል ሰማይ ወደሚታይበት ትወስደዋለህ።

ከዛፉ ምን ያህል መራቅ እንዳለብህ በስልክ ካልኩሌተር ይወጣል፦ ዛፉ ከዲሹ በላይ ያለውን ቁመት ለኤሌቬሽኑ ታንጀንት ታካፍላለህ። ኤሌቬሽን ማለት ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ ያለበት ማዕዘን ነው። 33 ዲግሪ ከሆነና ዛፉ ከዲሹ 10 ሜትር ከበለጠ 15.5 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ በ44 ዲግሪ ግን 10.5 ሜትር ይበቃል።

ስለ መጠን፦ ከ60 ይልቅ 80 ብትወስድ 2.5 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ትጨምራለህ። ይህ በጠራ ቀን ምንም ለውጥ አያሳይህም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሥዕሉ ይቆያል ወይስ ይቆራረጣል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። በሌላ በኩል የ80ው የእይታ ስፋት 2.2 ዲግሪ ገደማ፣ የ60ው 3 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ትንሹን ማስተካከል ይቀላል። ዶም ውስጥ ያለው ዲሽ ብዙውን ጊዜ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ከ60ው በ3.5 ዲሲቤል ያነሰ ነው ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ጉልላቱ ሲረጥብ የራሱን ይቀንሳል። ከመግዛትህ በፊት የምትፈልገውን ሳተላይት የሽፋን ካርታ ተመልከት። በምትሄድበት ጫፍ ላይ የሚመክረው 60 ከሆነ፣ 80 ግዛ።

መልስ፦ ሰሜን ኮከብ

በባለ ዲሹ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በየቀኑ ቦታ ለሚቀይር፣ በተለይ ማታ በዝናብ ለሚደርስ ሰው፣ የጣሪያ አውቶማቲክ ዋጋ አለው። ጠያቂው ግን ሁለት ሦስት ቀን ይቆያሉ፣ ዛፍም ይወዳሉ፤ ስለዚህ ለእሳቸው ትራይፖዱ ይሻላል። እኔ የምጨምረው ማንም ያላነሳውን የሰሜንና ደቡብ ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆኑ፣ ወደ ወገቡ በቀረቡ ቁጥር ሳተላይቱ ወደ አናትዎ ይወጣል። ልክ በእርስዎ ኬንትሮስ ላይ ያለ ሳተላይት በ50ኛው ኬክሮስ ኤሌቬሽኑ 33 ዲግሪ፣ በ40ኛው 44፣ በ9ኛው 79 ዲግሪ ያህል ነው። ብዙ ዶሞችና አውቶማቲክ ዲሾች የተሠሩት ለመካከለኛ ኬክሮስ ነው፤ ሞተራቸው ያን ያህል ቀና አይልም። ስለዚህ በመመሪያው ላይ «ዝቅተኛና ከፍተኛ ኤሌቬሽን» የሚለውን መስመር ሳያነቡ አይክፈሉ። የትራይፖድ ዲሽ ብራኬትም ገደብ አለው፤ ሻጩ ፊት ለፊት እስከ መጨረሻው አዘንብለው ይዩት።

ሁለተኛው ስኪው ነው፣ ማለትም ኤል ኤን ቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) በመያዣው ውስጥ የሚዞርበት ማዕዘን። ሳተላይቱ ከእርስዎ 30 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካለ፣ በ40ኛው ኬክሮስ ስኪው 31 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ10ኛው ወደ 71 ዲግሪ ይደርሳል። ስኪውን በራሱ የማያስተካክል አውቶማቲክ ዲሽ ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ ሳተላይቱን አግኝቶም ግማሹን ቻናል ያጣል። ሳተላይቱ ሰርኩላር ፖላራይዜሽን (እየተሽከረከረ የሚመጣ ሞገድ እንጂ ቀጥ ብሎ ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል ያልሆነ) የሚጠቀም ከሆነ ግን ስኪው የሚባል ነገር አያሳስብዎትም።

ኤሌቬሽኑ ከፍ በሚልበት አገር ዲሹ እንደ ሳህን ተንጋሎ ዝናብ ያጠራቅማል። ከታችኛው ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢያበጁለት ሲግናሉ አይጎዳም፣ ውኃውም ይወርዳል።

ተጓዥ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው 80 ሳንቲሜትር ከነትራይፖዱ እወስዳለሁ። በፍጥነት ለማግኘት ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? ኬብሉንስ ጣሪያ ሳልበሳ በየት ላስገባ?

መልስ፦ ባለ ዲሹ

ቅደም ተከተሉን ከጠበቅህ ብዙ አያስቸግርም።

1. ሪሲቨሩ ላይ ኤል ኤን ቢውን «ዩኒቨርሳል 9750/10600» አድርግ። የምትፈልገውን ሳተላይት አንድ ጠንካራ ትራንስፖንደር (ቻናሎች የሚላኩበት መስመር)፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽንና ሲምቦል ሬት፣ አስገብተህ የሲግናል ገጹን ክፈት። ሰርኩላር የሆኑት ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ዓይነት ኤል ኤን ቢ አላቸው፤ ቁጥሩ ራሱ ላይ ተጽፏል።

2. በስልክ አፕ ከቆምክበት ቦታ አቅጣጫውን፣ ኤሌቬሽኑንና ስኪውን አውጣ። አፑ የሰጠህ በእውነተኛው ሰሜን ነው ወይስ በማግኔቱ ሰሜን? በአንዳንድ አገር ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ ይበልጣል።

3. የትራይፖዱን ቋሚ ብረት በውኃ ልክ ከሁለት ጎን አቁም። ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ብረቱ 3 ዲግሪ ካዘመመ የኤሌቬሽን ስኬሉ ይዋሻል፣ ዲሹን ወደ ጎን ባዞርክ ቁጥርም ኤሌቬሽኑ ይለወጣል።

4. ኤሌቬሽኑንና ስኪውን አስቀድመህ አስተካክለህ አጥብቅ። ስኪው የሚለካው ከዲሹ ፊት ሆነህ ስታይ ነው ወይስ ከጀርባው የሚለውን በመመሪያው አረጋግጥ፤ ከተገለባበጠብህ ስህተቱ እጥፍ ነው።

5. ኮምፓሱን ከመኪናውና ከትራይፖዱ ቢያንስ 3 ሜትር ርቀህ ያዝ፤ ብረት ያሳስተዋል። ከተባለው አቅጣጫ 15 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን ጀምረህ በ1 ዲግሪ በ1 ዲግሪ አዙር፣ በእያንዳንዱ 3 ወይም 4 ሰከንድ ቁም። ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ ያዞረ ሰው አሥር ጊዜ አልፎት «ሳተላይቱ የለም» ይላል። ካላገኘህ ኤሌቬሽኑን 1 ዲግሪ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ እያደረግህ ድገም።

6. «ኳሊቲ» የሚለው ብቻ ነው የሚቆጠረው። «ሌቭል» ኤል ኤን ቢው መብራት ማግኘቱንና ኬብሉ አለመቋረጡን እንጂ ሳተላይቱን ማግኘትህን አይነግርህም። ኳሊቲ እንደመጣ ስካን አድርገህ የቻናሎቹን ስም እይ፤ ጎረቤቱ ሳተላይት 3 ዲግሪ ብቻ ርቆ ሊሆን ይችላል።

7. ወደ ግራ ኳሊቲው እስኪወርድ፣ ወደ ቀኝ እስኪወርድ አዙርና መሐሉ ላይ አቁም። ለኤሌቬሽኑም እንዲሁ፤ ስኪውን መጨረሻ ላይ። ዳዶዎቹን ስታጠብቅ ዲሹ ስለሚንቀሳቀስ ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ይሁን፣ እያፈራረቅህም ጥቂት በጥቂት አጥብቅ።

ኮምፓስ ካላመንክ ፀሐይ አለችልህ። ፀሐይ በሳተላይቱ አቅጣጫ ላይ የምትሆንበትን ሰዓት ከአፑ አውጣ፤ በዚያች ደቂቃ የቋሚው ብረት ጥላ ልክ ከሳተላይቱ ተቃራኒ ያመለክታል። መሬት ላይ አስምርበት፣ ዲሹን ሌላ ጊዜ ብትተክለውም አይጠፋም።

ለነፋስ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከትራይፖዱ መሐል አንጠልጥል። ለ80 ሳንቲሜትር ዲሽ ይህ ግዴታ ነው በለው። ነፋሱ ከበረታ ግን አውርደው።

መልስ፦ ጣሪያ ሠሪ

ለትራይፖድ ጣሪያ መብሳት አያስፈልግም። ከመኪናው ጎን ክዳን ያለው ውኃ የማያስገባ የአንቴና ሶኬት መግጠም ነው የሚሻለው፤ ኬብሉን ከውጭ ሰክተህ ክዳኑን ትለቃለህ። ከመብሳትህ በፊት ግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦ ወይም የጋዝ ቱቦ አለመኖሩን አረጋግጥ። ቀዳዳው ውስጥ የሚታየውን የፎምና የእንጨት ጠርዝ በማሸጊያ ቀባው፤ ውኃ ገብቶ እንጨቱን የሚያበሰብሰው በዚያ ጠርዝ ነው። በፍሪጁ የአየር መውጫ በኩል ኬብል የሚያስገቡ አሉ፤ ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራ እዚያ ትኩስ ጭስ ስለሚወጣ ከጭሱ መንገድ አርቀህ ካላሰርከው ይቀልጣል። በመስኮት የሚያልፈው ጠፍጣፋ ኬብል ለአንድ ሳምንት ይሆናል፤ በየጊዜው ሲታጠፍ ግን ውስጡ ይሰበራል።

ወደፊት የጣሪያ አውቶማቲክ ለሚያስቡ፦ ሳንድዊች ጣሪያ ላይ ብሎን ብቻውን አይይዝም፣ ፎሙ ምን ይዞለት? እግሮቹን ሰፋ ባለ ሳህን በፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ማጣበቅ ነው። ጣሪያውን በጥሩ አሸዋ ወረቀት ሻክር አድርግ፣ በአይሶፕሮፓኖል ጥረግ፣ አምራቹ የሚያዝዘውን ፕራይመር ቀባ፣ ማጣበቂያው ተጨፍልቆ እንዳያልቅ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አስቀርለት። የሚደርቀው ከጠርዙ ወደ ውስጥ በቀን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሳህኑ ሰፊ ከሆነ መሐሉ ይዘገያል፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ አትውጣ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን አይነካካው። አሉሚኒየም ይበላል፣ አንዴ የተቀባበት ቦታ ላይም ሌላ ማጣበቂያ አይዝም። ዲሹ ሲነሳ ጥላው ሶላር ፓኔሉ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድመህ በካርቶን ለካው። የመኪናውን አዲስ ቁመት ደግሞ ጽፈህ ሾፌሩ ፊት ለጥፈው።

መልስ፦ ቮልት

የባትሪው ጉዳይ። 24 ኢንቹ ቲቪ 30 ዋት፣ ሪሲቨሩ ከነኤል ኤን ቢው 20 ዋት ቢበላ፣ 50 ዋት ለ4 ሰዓት 200 ዋት-ሰዓት ነው፤ በ12 ቮልት 17 አምፒር-ሰዓት ያህል። የ100 አምፒር-ሰዓት አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች አለማውረድ ጥሩ ስለሆነ በእጅህ ያለው 50 ነው። መብራትና የውኃ ፓምፕ ተጨምሮ ለአንድ ምሽት ይበቃል፣ ለሁለት ምሽት ያለ ቻርጅ ይጠባል። ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይር) አታስገባበት፤ በመሐል ከ10 እስከ 15 በመቶ ያባክናል፣ ርካሹ ደግሞ ሪሲቨሩን ይረብሻል።

አንድ ነገር ልብ በል። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ቮልት ይደርሳል። የቲቪው የራሱ አዳፕተር 12 ቮልት ስለሚል ቲቪው 14.4ን ይችላል ማለት አይደለም። መመሪያው እስከ 15 ቮልት ካልፈቀደ፣ ከ10 እስከ 16 ቮልት ተቀብሎ ቋሚ 12 የሚያወጣ 5 አምፒር ሬጉሌተር በመሐል አስገባ።

ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። 6 ሜትር ርቀት ላይ በ4 አምፒር የሚጠፋው 0.34 ቮልት ነው፤ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን 0.84 ይሆን ነበር። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርግ፤ ቲቪው አጠገብ ያለ ፊውዝ መንገድ ላይ ሾርት ያደረገ ሽቦን አያድንም።

ተጓዥ፦

በጣም ግልጽ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከተተከለ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰሜን ኮከብ

በብዛት ኮኔክተሩ፣ ማለትም የኬብሉ ጫፍ ማያያዣ፣ ነው። የኤፍ ኮኔክተር ሲሠሩ ነጩ ፕላስቲክ ከኮኔክተሩ ውስጠኛ ወለል ጋር እኩል ይሁን፣ የመሐሉ መዳብ ከዳዶው አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ። ከውጭኛው መረብ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ መሐሉን ከነካች ሾርት ነው፤ ሪሲቨሩ ለኤል ኤን ቢው የሚልከውን ቮልት ያቋርጣል፣ ሌቭልም ኳሊቲም ዜሮ ይሆናሉ። ኬብሉን ሲነቅሉና ሲሰኩ ሪሲቨሩን ያጥፉ።

ግማሹ ቻናል ብቻ ከመጣ የጠፉት ምን የጋራ ነገር እንዳላቸው ይዩ። ሪሲቨሩ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት ይልካል። የጠፉት ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ከሆኑ 18ቱ እየደረሰ አይደለም፤ የዛገ ኮኔክተር ወይም የደከመ ባትሪ ይፈትሹ። የጠፉት ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉት ከሆኑ ችግሩ ሪሲቨሩ ኤል ኤን ቢውን ወደ ከፍተኛው ባንድ ለመቀየር የሚልከው የ22 ኪሎኸርዙ ቶን ነው፦ ሴቲንጉ ላይ «አውቶ» ያድርጉት፣ ካልሆነ ኤል ኤን ቢው ነው። ሁለቱም ፖላራይዜሽን ደካማ ኳሊቲ ካሳየ ስኪውን ያስተካክሉ።

ጠዋት ጠፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚመለስ ከሆነ ኬብሉ ውኃ ገብቶበታል። መረቡን ገልጠው ሲያዩት ጠቁሮ ከሆነ ማድረቅ አያድነውም፣ እስከ ደህናው ድረስ ቆርጠው አዲስ ኮኔክተር ይግጠሙ። ወደ ኤል ኤን ቢው ከመግባቱ በፊት ኬብሉ ወደ ታች ቀለበት ይሥራ፣ ኮኔክተሩንም ራሱ በራሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉት። ኬብሉን ሲጠቀልሉም ከ7 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ አይጠፉት፤ የተቀጨ ኬብል ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ከፍተኛዎቹን ፍሪኩዌንሲዎች ግን ይበላል።