የአባቴ ላንድሮቨር ሽቦ ሊቀየር ነው፤ የትኛው አሮጌ ዕቃ ይጣል፣ የትኛው ይቆይ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ ላንድሮቨር ሲሪስ 2ኤ አለኝ፣ በፈረንጆቹ 1963 የተሠራ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን አስመርሮኛል። የሽቦው ልባስ ሲነካ ይፈረፈራል፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አይጥ የበላው አለ፣ ሽቦው የተጠቀለለበት ናስትሮ ተላቆ ይንጠለጠላል። አንዱ የፊት መብራት ደብዛዛ ነው፣ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ይባስ ብሎ ይርገበገባል። አንድ ባለሙያ አይቶት «ሁሉንም በጥሰን እንደ አዲስ እንዘርጋ» አለኝ። ልቀበለው? ሌላው፣ ባትሪው ላይ ከሻንሲ (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ይሄ ስህተት ነው? ወደ ደብረ ሲና ስለምመላለስ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙም ዋሻውም ስላለ፣ መብራቱ የማያሳፍር እንዲሆን እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት (ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን)
ልጄ፣ ስህተት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መኪና ከፋብሪካው ፖዘቲቭ ማሳ ሆኖ፣ ማለት ፖዘቲቩ እንደ መመለሻ ከሻንሲው ጋር ታስሮ ነበር የሚወጣው። በጥሰን እንጣል ላለህ ሰው ግን እሺ አትበለው፤ አሮጌው ሽቦ ካርታህ ነው። ባትሪውን ፍታ፣ ፎቶ አንሳ፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ወረቀት ለጥፍ፣ ከዚያ አንዱን መስመር አውጥተህ በልኩ አዲስ ቁረጥ። ያ ሲሠራ ወደሚቀጥለው እለፍ። ቀለሙን አጥበህ እየው። ቡኒው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፣ ነጩ በቁልፍ የሚከፈት፣ አረንጓዴው በቁልፍ ተከፍቶ በፊውዝ ያለፈ፣ ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቀዩ የትንንሾቹ መብራቶች፣ ጥቁሩ ማሳ። አዲሱንም በዚሁ ቀለም ሥራው፣ ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው እንዳይደናገር።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ማሳውን ነው። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ነው፣ ሻንሲው ብረት። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ መጋጠሚያው ይበላል፣ ማሳው ይደክማል። ፍሬቻ ስታበራ መብራቱ መርገብገቡ የዚህ ምልክት ይመስለኛል፣ አምፖል ከመግዛትህ በፊት ይሄን እይ። መብራቱን አብርተህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ ማሳ በታሰረበት ምሰሶ፣ ሌላውን በአምፖሉ የማሳ ሽቦ ላይ አድርግ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካለፈ ማሳህ ታሟል። ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን የማሳ ሽቦ እስከ ሻንሲ ሳብ፣ ብረቱን እስኪያበራ ፈግፍገህ እሰር፣ ግሪስ ቀባው። አደራ ደግሞ የቤት ሽቦ እንዳታስገባ! የቤት ሽቦ አንድ ወፍራም ክር ነው፣ በእኛ መንገድ ንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር የመኪና ሽቦ ፈልግ፣ ለፊት መብራት 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ይበቃል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (የደብረ ሲና ልጅ)
ፊውዝ ላይ ተጠንቀቅ ወንድሜ። ያ መኪና ሁለት የብርጭቆ ፊውዝ ብቻ ነው ያለው፣ 35 አምፔር የሚል ተጽፎበት ታገኛለህ። የድሮው የእንግሊዝ ፊውዝ ላይ የሚጻፈው የሚቃጠልበት ልክ ነው፣ ሳይቃጠል ዘወትር የሚሸከመው ግማሹን፣ 17 አካባቢ ነው። የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ፊውዞች ላይ የሚጻፈው ደግሞ የሚሸከሙት ነው። ስለዚህ 35 አይቼ 35 ልተካ ካልክ፣ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ነው ቀድሞ የሚነደው። 15 ይበቃል። የፊት መብራቱ ከፋብሪካውም ፊውዝ የለውም፣ ስለዚህ አዲስ የፊውዝ ሳጥን ግዛና ግራና ቀኙን ለየብቻ ክፈል። አንዱ ቢቃጠል ዋሻው ውስጥ ጨለማ አይውጥህም። በሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን በሚከፍት ማብሪያ) ካደረግከው ደግሞ አሮጌው ማብሪያ ከጫና ይድናል። ማብሪያው ኦርጅናል ከሆነ አትጣለው፣ ፈተህ አጽዳው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪውን የሚሞላውን አሮጌ ዲናሞስ ልተወው ወይስ በእሱ ፋንታ ኦልተርኔተር ላስገባ? ጠዋት ውርጭ ሲሆን ባትሪው ይዝላል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (የደብረ ሲና ልጅ)
ኦልተርኔተር አስገባ። ያንተ ዲናሞ ሲበረታ 22 አምፔር ነው፣ ሞተሩ ቀስ ሲል ምንም አይሞላም። የ55 ዋት ሁለት አምፖል ብቻውን 9 አምፔር ይበላል።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት (ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን)
ማታ የማይነዳ ሰው ዲናሞው ይበቃዋል እላለሁ፣ አንተ ግን ጉም ውስጥ ትገባለህ፣ ቀይረው። ያኔ ማሳውን ወደ ኔጌቲቭ ማዞር ግድ ነው፣ ኦልተርኔተር በተገላቢጦሽ ከታሰረ ወዲያው ይቃጠላል። የቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ሁለት ትንንሽ ሽቦ አቀያይር። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ግድ የለውም፣ እንዳለ ይሠራል። ዲናሞውን ለማቆየት ከወሰንክ ግን ማሳውን ስታዞር ዲናሞውም መዞር አለበት፦ ኤፍ ከሚለው ጫፍ ሽቦውን ንቀል፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣ ሽቦ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርገው፣ ከዚያ መልሰህ እሰር።
ከኦልተርኔተር ወደ ባትሪ የሚሄደው ሽቦ 10 ካሬ ይሁን፣ አሮጌው ቡኒ ሽቦ አይችለውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው አምሜትርም የሚለካው እስከ 30 አምፔር ብቻ ስለሆነ በዚያ አታሳልፈው፣ በቮልቲሜትር ተካው። የዲናሞውን አሞላል የሚቆጣጠረውን አሮጌ ሬጉላተር ሳጥን አውጥተህ አስቀምጥ እንጂ አትጣል፤ ኦሪጅናሉን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ
አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ሶኬትና ማብሪያ በእጅህ ያዝ፣ በስም ብቻ ከጠየቅክ ሌላ ይሰጡሃል። ገመዱ በብረቱ ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበትም ግዛ፣ አሉሚኒየሙ እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው።