ማሳቹሴትስ፦ ጀልባ ከነሙሪንጉ መግዛት ይቻላል?

ነፋሻው
ሰላም ለሁላችሁ። ከቦስተን በስተሰሜን ባለች የባሕር ዳር ከተማ 24 ጫማ የሞተር ጀልባ ልገዛ እየተነጋገርኩ ነው። ሻጩ «1,500 ዶላር ጨምርና ወደቡ ውስጥ ያለውን ሙሪንግም ውሰድ። ፈቃዱ በኔ ስም ይቀጥላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ አያውቅም» ይለኛል። የምለው ማሪና ውስጥ ያለውን ቦታ አይደለም፤ ባሕሩ ወለል ላይ መልሕቅ ተቀምጦ፣ ሰንሰለት ወጥቶለት፣ ጀልባው ከተንሳፋፊው ኳስ ጋር የሚታሰርበትን ነው።

ይህ ነገር ያስኬዳል? ካላስኬደ በራሴ ስም የማገኘው እንዴት ነው? መልሕቁና ሰንሰለቱ ለዚህ ጀልባ ይበቃ እንደሆነስ በምን ላውቅ? ባሕሩ በጣም ሲጎድል ጥልቀቱ 8 ጫማ ነው፣ ወለሉ ጭቃ ነው ተብያለሁ።

ባለወረፋ
አያስኬድም፣ 1,500ውን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ነገሩ ልክ እንደ ቀበሌ ቤት ነው። ሰውየው በስሙ ይኖርበታል እንጂ ቤቱ የሱ አይደለም፤ «ሸጥኩልህ» ቢልህ የሚያስረክብህ ቁልፍ ብቻ ነው። እዚህም መልሕቁና ሰንሰለቱ የሱ ንብረት ስለሆኑ እንደ ብረት ሊሸጥልህ ይችላል። ከሥሩ ያለው ባሕር ግን የሕዝብ ነው።

ሕጉ የማሳቹሴትስ ምዕራፍ 91 ክፍል 10ኤ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የከተማው ሃርበርማስተር (የወደብ ኃላፊው) ሲሆን ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ዝርዝሩ የስቴቱ ደንብ 310 ሲኤምአር 9.07 ላይ አለ። በዚያ መሠረት ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ልዩነቱ የቅርብ ቤተሰብ ሲሆን እሱም ሃርበርማስተሩ ሲስማማ ነው። ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ሙሪንግ ደግሞ በሕግ «የሕዝብ እንቅፋት» ይባላል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ካልተነሣ ከተማው ያነሣዋል፣ ሂሳቡን ባለቤቱ ይከፍላል።

«አያውቅም» ያለውን ደግሞ ተወው። ኳሱ ላይ የፈቃድ ቁጥር አለ፣ ጀልባው ላይ የምዝገባ ቁጥር አለ። ፈቃዱ የተሰጠው ለአንድ ሰውና ለአንድ ጀልባ ነው። የወደብ ጀልባዋ በጋውን ሙሉ እየዞረች ሁለቱን ታመሳክራለች፤ ካልተገጣጠሙ ሻጩ ፈቃዱን ያጣል፣ አንተም ጀልባህን ይዘህ ሌላ ማደሪያ ፍለጋ ትወጣለህ።

ሰናይት_ዘወደብ
ባለወረፋ ያለው ትክክል ነው፤ በራስህ ስም የምታገኝበትን መንገድ ልጨምር።

መጀመሪያ ሃርበርማስተሩ ቢሮ ሄደህ የወረፋ ዝርዝሩ ላይ ተመዝገብ። ከተማው ቦታ የሚያድልበት የጽሑፍ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፣ ዝርዝሩንም በየዓመቱ መለጠፍ አለበት። ስለዚህ «ስንተኛ ነኝ?» ብለህ መጠየቅ መብትህ ነው እንጂ ልመና አይደለም። የከተማው ነዋሪ ስላልሆንክ ብቻም ሊያስቀሩህ አይችሉም፤ ደንቡ በመኖሪያ ቦታ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በዕድሜ ወይም በአካል ጉዳት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ብቻ ሲያይ ነው። ወረፋው በአንድ መስመር አይሄድም። ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ የጀልባው መጠንና ዓይነት ነው። ጥልቅ ውኃ ላይ የነበረ የ40 ጫማ ሸራ ጀልባ ቦታ ሲለቀቅ ቦታው ለዚያ መጠን ላለ ጀልባ ይሰጣል፤ አንተ 24 ጫማ ይዘህ አንደኛ ብትሆንም ላትጠራ ትችላለህ። ጥያቄህ «ከ25 ጫማ በታች ካሉት ውስጥ ስንተኛ ነኝ?» ይሁን። በጠባብ ወደቦች ወረፋው ከ10 ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሽ ጀልባ ጥልቀት በሌለው ጥግ ቶሎ ቦታ የሚያገኝበትም ጊዜ አለ።

ብዙ ከተሞች ወረፋው ላይ ለመቆየትም በየዓመቱ ትንሽ ክፍያ ያስከፍላሉ። ደብዳቤው አሮጌ አድራሻህ ሄዶ ሳትከፍል ከቀረህ ስምህ ይሰረዛል፣ እንደገና ስትመዘገብ ከመጨረሻ ነው። ቤት ስትቀይር በመጀመሪያ የምታስታውቀው ፖስታ ቤቱን ሳይሆን ሃርበርማስተሩን ይሁን።

የጀልባ ኤክሳይዝ ታክስም አለ። ከተማው ጀልባው በዋናነት በሚታሰርበት ቦታ ያስከፍላል፤ መጠኑ ከ1,000 ዶላር ግምት 10 ዶላር ነው። ግምቱ የሚወጣው ከጀልባው ርዝመትና ዕድሜ ስለሆነ የገዛህበት ዋጋ አያስፈራህ። ከሚሰበሰበው ግማሹ ለውኃ መንገዱ ማሻሻያና ጥገና ፈንድ ይገባል። ብዙ ቦታ ይህን ሳትከፍል ፈቃድህን አያድሱልህም። ሻጩ ያልከፈለው ካለ ግዢው ሳይጠናቀቅ ከታክስ ሰብሳቢው ቢሮ አረጋግጥ።

ነፋሻው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወረፋው ላይ እመዘገባለሁ። ሻጩን ስለ ብረቱ ስጠይቀው «1,000 ፓውንድ የሲሚንቶ ብሎክ ነው፣ መርከብ ይይዛል» አለኝ። ወረፋዬ ሲደርስ ቢጠቅመኝ ብዬ ልግዛው?

ሰንሰለት_ቆጣሪ
1,000 ፓውንድ የሚመዝነው መሬት ላይ ነው። ሲሚንቶ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ ወደ 43 ከመቶ ያጣል፣ የሚቀርህ ወደ 570 ነው። ግራናይት ድንጋይ ወደ 39 ከመቶ ያጣል። ብረት ግን 14 ከመቶ ያህል ብቻ። ለዚህ ነው ከተሞች ለብሎክ ትልልቅ ቁጥር የሚጽፉት። ደግሞም ብሎክ ጭቃው ውስጥ ካልሰመጠ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ አንዴ መንሸራተት ከጀመረ አይቆምም። እዚያው ያለውን ብሎክ ተወው፤ ወረፋህ ሲደርስ የምትሰጠው ቦታ ሌላ ነው፣ ማንሻ ጀልባ ተከራይቶ ማዛወሩ ከአዲስ መልሕቅ በላይ ያስወጣሃል።

ጭቃ ላይ የሚሻለው የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የብረት መልሕቅ ነው። ለ24 ጫማ ጀልባ የአብዛኞቹ ከተሞች ሠንጠረዥ ከ200 እስከ 300 ፓውንድ መካከል ያርፋል፣ የከተማህን ሠንጠረዥ ተከተል። እንጉዳይ የሚይዘው እየተወዛወዘ ጭቃው ውስጥ ሲቀበር ነው፤ መቀበሩ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በጁላይ ጥለኸው በኦገስት ዐውሎ ነፋስ ቢመጣ የጫንከው ብረት እንጂ የተተከለ መልሕቅ አይደለም። በኤፕሪል ወይም በሜይ ይጣል። ወለሉ ጠንካራ አሸዋ ወይም ድንጋይ ከሆነ ስለ እንጉዳይ አታስብ። እንደ ብሎን ወለሉ ውስጥ የሚጠመዘዝ መልሕቅም አለ፤ ክብደቱ ትንሽ፣ አያያዙ ኃይለኛ ነው፣ ግን የሚተክለው ባለሙያ በሃይድሮሊክ መሣሪያ ነው።

አሁን ሰንሰለቱ። ጣና ላይ ውኃው ከፍና ዝቅ የሚለው በክረምትና በበጋ ነው። እዚህ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ቦስተን አካባቢ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው አማካይ ልዩነት 9.5 ጫማ ያህል ሲሆን ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትወለድ ከ11 ያልፋል። 12 ብለን እንያዝ። 8 ሲደመር 12፣ ትልቁ ጥልቀትህ 20 ጫማ ነው። የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ ከመልሕቁ የሚነሣው ወፍራም ሰንሰለት (5/8 ወይም 3/4 ኢንች) የትልቁ ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለት 30 ጫማ፤ ከሱ በላይ ቀጭኑ (1/2 ኢንች) ከጥልቀቱ እኩል፣ 20 ጫማ፤ ከኳሱ እስከ ጀልባው ያለው ገመድ የጀልባው አፍንጫ ከውኃው ያለው ከፍታ 2.5 እጥፍ። አፍንጫው 3 ጫማ ከሆነ ገመዱ 7.5 ጫማ። ወፍራሙ ከቀጭኑ በሚገናኝበት ቦታ ስዊቭል (በራሱ የሚሽከረከር ማያያዣ) ይገባል፤ ያለሱ ጀልባው በዞረ ቁጥር ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል።

ይህን ሁሉ ዘርጋው፤ ውኃው ሲጎድል ጀልባህ ከመልሕቁ እስከ 80 ጫማ ርቆ ይዞራል። ሃርበርማስተሩ ካርታ ላይ ክብ እየሣለ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። «ለደኅንነት» ብለህ 15 ጫማ ብታረዝም ጎረቤትህን ትመታለህ። የሸራ ጀልባ ጥልቅ ቀበሌ ስላለው የውኃውን ፍሰት ይከተላል፣ የሞተር ጀልባ ነፋሱን። ሁለቱን ማቀላቀል የማይፈልጉት ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ቦታ ሲነፍጉህ ሁሉም ተንኮል አይምሰልህ።

ኳሱ 18 ኢንች ይበቃል፤ ወደ 113 ፓውንድ ይሸከማል፣ ቀጭኑ ሰንሰለት 50 ፓውንድ ያህል ነው። ነጭ ሆኖ አግድም ሰማያዊ መስመር ይኑረው። ከግማሽ በላይ ሰጥሞ ካየኸው ሰንሰለቱ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ተራብቶበታል ማለት ነው።

ባለወረፋ
ሰንሰለት_ቆጣሪ፣ «ቀበሌ» ያልከው ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ታች የሚወርደውን ክንፍ መሆኑን ግለጽለት እንጂ፣ ከኔ ቀበሌ ቤት ጋር ይምታታበታል 😄

ሰንሰለት_ቆጣሪ
ልክ ነህ፣ ኪል ነው ለማለት የፈለግሁት፤ ስልኩ ነው ያስተካከለልኝ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ልጨርስ። ሰንሰለቱ ቶሎ የሚያልቀው ከታች የተኛው ወይም ከላይ የተንጠለጠለው ሳይሆን መሐሉ ነው፦ ውኃው በሞላና በጎደለ ቁጥር ከወለሉ የሚነሣውና ተመልሶ የሚወርደው ክፍል፣ በተለይ ወፍራሙና ቀጭኑ የሚገናኙበት። አሸዋው እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስታስመረምር (ብዙ ከተሞች በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በተፈቀደለት ባለሙያ ያስገድዳሉ) የቀለበቱን ጎን አይለኩልህ። ሁለቱ ቀለበቶች የሚነካኩበትን የውስጥ ጫፍ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይለኩ። የ1/2 ኢንች ሰንሰለት አዲስ ሲሆን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሶው ሄዶ 8.5 ከደረሰ ይጣል፤ ሩቡ ሲሄድ የሚያስቀይር ከተማም አለ።

የሻክሉ (ሰንሰለቱን የሚያያይዘው በፒን የሚዘጋ ቀለበት) ፒን በሽቦ ታስሮ ካልተቆለፈ በሞገዱ እየላላ ይወጣል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ሰንሰለት ላይ የስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ሻክል አታድርግ፣ ጨው ውኃ ውስጥ ሰንሰለቱ ይበላል።

ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ በብዛት የሚበጠሰው ግን ገመዱ ነው፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ። ናይለን ሲለጠጥና ሲመለስ ውስጡ ይግላል፤ በድፍን የጎማ ቱቦ ከሸፈንከው ውኃ ስለማይደርስበት አይበርድም፣ ከውስጥ ይቀልጣል። ውኃ የሚያስገባ በጨርቅ የተሠራ መሸፈኛ ተጠቀም፣ ገመዱንም ሁለት አድርገው። በኦገስት 1991 ቦብ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በደቡብ ማሳቹሴትስ ያለውን የባሕር ወሽመጥ ባዛርድስ ቤይን ሲመታ ባሕሩ ከወትሮው ከ10 ጫማ በላይ ከፍ አለ። እንዲህ ሲሆን የለካኸው ሰንሰለት ያጥራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና መልሕቁን ከጭቃው ይነቅላል። ቀን ካለህ ጀልባውን ከውኃ ማውጣት ከማንኛውም ገመድ ይሻላል።

ሰናይት_ዘወደብ
ክረምቱን አትርሱበት። በኖቬምበር አካባቢ ኳሱ ወጥቶ በምትኩ ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ የክረምት እንጨት ይታሰራል፣ በረዶው ኳሱን ይዞ መልሕቁን እንዳይጎትት። እንጨቱ መነሣት ያለበትን ቀን ከተማው ይወስናል። ከቆየ ሰንሰለቱ ከብዶት ይሰጥማል፣ ከዚያ በጠላቂ ማስፈለግ ነው። ውኃው ፊት ላይ ተኝቶ ከቀረም የሰው ፕሮፔለር ይሰብራል።

ጥያቄ ያለበት ሌላ ነገር የባሕር ሣር ነው። ወለሉ ላይ ሣር ካለ የሚጎተተው ሰንሰለት ዙሪያውን ስለሚጨርሰው ሌላ ቦታ ይሰጡሃል፣ ወይም ወለሉን የማይነካ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ማሰሪያ ይጠይቁሃል።

ነፋሻው
ቢከለክሉኝስ የት አቤት እላለሁ?

ባለወረፋ
ክልከላውን ወይም ያስቀመጡብህን ቅድመ ሁኔታ በጽሑፍ ጠይቅ። ማስታወቂያው ከደረሰህ ጀምሮ 30 ቀን አለህ፤ ይግባኙ የሚገባው ለስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የውኃ መንገዶች ክፍል ነው። «ወረፋው ረዘመ» ብለህ አታሸንፍም። ከኋላህ የተመዘገበ፣ ጀልባው በመጠንም በዓይነትም ካንተ ጋር አንድ የሆነ ሰው ቀድሞህ ቦታ ካገኘ ግን የተለጠፈውን ዝርዝር ፎቶ አንሥተህ አያይዝ። ለዚህ ስትል የዘንድሮውን ዝርዝር ዛሬውኑ ፎቶ አንሣው፣ የሚቀጥለው ዓመት ሲለጠፍ ያኛው ይነሣል።

እስከዚያው ጀልባውን በተጎታች አምጥተህ በከተማው የጀልባ ማውረጃ ወደ ውኃው አውርደው፣ ወይም ከንግድ ጀልባ ጥገና ቤቶች ለበጋው ሙሪንግ ተከራይ፤ የነሱ ፈቃድ ለኪራይ የተሰጠ መሆኑን ግን ሃርበርማስተሩን ጠይቀህ።