ጎሮ ሁለተኛ የባልትና ሱቅ ልክፈት ወይስ ይቆይ?

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም እህቶች፣ እንዴት ናችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶ አዘጋጃለሁ፣ ሁለት ልጆችም አብረውኝ ይሠራሉ። ገበያው ጥሩ ነው፣ በሁዳዴማ ሽሮ አይበቃኝም። አሁን ጎሮ አካባቢ ሱቅ ተገኘ፣ አከራዩ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። ሥልጠና ላይ የተዋወቅኳት አማካሪ "ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራሽ ምን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። "እንዲያድግ" አልኳት። "በምን በኩል?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእውነት ይጠቅማል? ወይስ ሱቁ ሳያመልጠኝ ልያዘው?

ሰበታ፦
ይጠቅማል እህቴ። እኔም ሴት ነጋዴዎችን ነው የማማክረው፣ ከዚሁ ጥያቄ ነው የምጀምረው። ለልጆችሽ ትምህርት ቤት ክፍያ አስተማማኝ ገቢ ከሆነ የምትፈልጊው አንድ መንገድ ነው፣ በርበሬሽ በስምሽ ታሽጎ ሱፐርማርኬት እንዲገባ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፣ ለዚህኛው ጎሮ ያለው ሱቅ ምንም አያደርግልሽም፣ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለማዘጋጃ ቦታና ለማሸጊያ ነው።

ከሱ በፊት ግን የትኛው ዕቃ እንደሚያተርፍልሽ ለይተሽ እወቂ። በርበሬን ብዙዎቻችን በዛላው ዋጋ ነው የምናስበው። እንበል 100 ኪሎ ዛላ ኪሎውን በ500 ብር ገዛሽ፣ 50,000 ብር ነው። ደርቆ፣ ተቀንጥሶ፣ ተፈጭቶ 80 ኪሎ ብቻ ከወጣልሽ አንዱ ኪሎ 625 ብር ገባ ማለት ነው። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ወፍጮው፣ የልጆቹ ደመወዝና ኪራዩ ገና አልተነካም። የአንቺስ ደመወዝ? እሱን ደብተርሽ ላይ ካልጻፍሽው ትርፍ የመሰለሽ የራስሽ ጉልበት ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ሌሊት ተነስታ የምትቆላ ሴት ለራሷ ምንም ሳትመድብ ስትቀር በጣም ያሳዝነኛል።

ለገጣፎ_ነጋዴ፦
ሰበታ ባለችው እስማማለሁ። ሱፐርማርኬት ካሰብሽ ግን መቼ እንደሚከፍሉ አስቀድመሽ ጠይቂ። ዕቃውን ተረክበው ወር ቆይተው የሚከፍሉ አሉ፣ አንቺ ደግሞ አዲሱ ዛላ ሲገባ በጥሬ ገንዘብ መግዛት አለብሽ፣ ያኔ ካልገዛሽ ዓመቱን ሙሉ በውድ ነው የምትገዢው። ዕቁብሽ የሚወጣበትን ጊዜ ከዛላው ወቅት ጋር ብታገጣጥሚው ይረዳሻል።

አያት፦
እኔ ትንሽ እለያለሁ። ጥሩ ቦታ ሁሌ አይገኝም፣ ሁሉን አስልቼ ልጨርስ ስትይ ሌላ ሰው ይይዘዋል። አከራዩን የሦስት ወር ለምኚው።

ሰበታ፦
አያት፣ ቦታው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጎሮ ማን ይቆማል? እሷ ከሄደች የቱሉ ዲምቱውን በርበሬ ማን ይመጥናል? ቅመሙ በእጇ ግምት ብቻ ከሆነ ሁለቱ ሱቆች ሁለት ዓይነት በርበሬ ነው የሚሸጡት። መጀመሪያ በሚዛን ይጻፍ።

ቃሊቲ_እናት፦
ሥልጠናም ብድርም ለምትፈልጉ፦ የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የስድስት ቀን ሥልጠና የተባበሩት መንግሥታት ኢምፕሬቴክ የሚባለው ፕሮግራም ነው፣ እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተጀመረው። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕርነርሺፕ ፕሮጀክትም ገንዘቡን በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮፋይናንሶች እየሰጠ ነው ለሴቶች ያበደረው። አሁን ምን ዓይነት ብድር እንዳለ አቅራቢያሽ ያለውን ማይክሮፋይናንስ ጠይቂ፣ ስትሄጂ ግን ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።

የቱሉ ዲምቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው፣ ሽሮው ከበርበሬው ይሻላል፣ በሶው ግን እምብዛም የለውም። ለጎሮው ሰውዬ አሁን አልችልም ብዬዋለሁ። የምፈልገው የታሸገ ሽሮ ነው፣ ለየሱቁ የሚደርስ። ሰበታ፣ ለቅመሙ ስንት ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃኛል?

ሰበታ፦
አምስት ግራም የሚለይ ይበቃል። የመጀመሪያውን ምጥን ልጆቹ ይመዝኑት፣ አንቺ ቁሚና እዪ።