ባልትና እሸጣለሁ፣ ትዕዛዝ ሞልቷል፣ እጄ ላይ ግን ብር የለም

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በፊት ለጎረቤትና ለድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ነበር፣ አሁን ሰው ለሰው እየነገረ ትዕዛዙን አልቻልኩትም። ግን ወር ሲያልቅ ለሚቀጥለው ዙር ዛላ መግዣ እንኳ አይተርፈኝም። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ ከሌሎቹ በኪሎ 20 ብር ቀንሼ ነው የምሸጠው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለ ባልትና፣ ሀዋሳ፦
እህቴ፣ እሱ 20 ብር ነው ጉዱ። ያኛው ሻጭ በስንት እንደገዛ፣ ምን እንደቀላቀለበት በምን ታውቂያለሽ? እኔም እንዳንቺ ስከስር ቆይቼ አንድ ቀን ሚዛን ገዛሁና ሁሉንም መዘንኩት። 10 ኪሎ ዛላ ተቀንጥሶ፣ ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ደህና አድርጎ ሲደርቅ 8 ኪሎ ተኩል አልሞላም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ሲገባበት ክብደቱ ትንሽ ይመለሳል፣ ግን ኮረሪማው ብቻውን ስንት ነው! ወፍጮ ቤቱን፣ ታክሲውን፣ ለምትቀነጥስልኝ ልጅ የምከፍላትን፣ ላስቲኩን ደምሬ ተፈጭቶ ለወጣው ኪሎ ሳካፍለው ከኪሴ እየጨመርኩ ነበር የምሸጠው። የዚያን ቀን አለቀስኩ። የራስሽንም ድካም ጻፊው እሺ፣ እኔ እሱን ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባለ ሱቅ፦
ዱቤ ትሰጫለሽ? እሱን አልነገርሽንም።

ጠያቂ፦
አዎ፣ ለባልደረቦቼ። ደሞዝ ሲወጣ ይሰጡኛል፣ አንዳንዱ ግን ይረሳዋል፣ እኔም ለመጠየቅ ይከብደኛል።

ባለ ሱቅ፦
በቃ ብርሽ እዚያ ነው ያለው። ከእንግዲህ ግማሹን ቅድሚያ በቴሌብር ሳይልኩ ዛላ አትግዢ። የሚታዘዝ ነገር ስለሆነ ማንም አይቀየምም። ያለብሽን ዱቤ ደግሞ ዛሬውኑ ደብተር ላይ አውጪው፣ ስም፣ ቀን፣ ኪሎ።

እናት፦
ልጄ፣ ዛላ በክረምት አትግዢ፣ ይወደዳል፣ እርጥበትም አለው። ከኅዳር ጀምሮ አዲሱ ከማረቆና ከሀላባ ሲገባ ነው የሚገዛው። ለዚያ ጊዜ እቁብ ግቢ፣ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ተቀያየረኝ በይው። ስትገዢ እፍኝ አድርገሽ ጨበጥ አድርጊው። ካልተንኮሻኮሸ ውሃ ተረጭቶበታልና ተይው፣ ለውሃ ነው የምትከፍዪው። አንድ ሁለቱን ደግሞ ሰንጥቀሽ ሆዱን እዪ፣ ውጪው ቀልቶ ውስጡ የሻገተ አለ። እሱን ለሰው ልጅ አታብዪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ሚዛን እገዛለሁ። ለቆዩት ደንበኞቼ ዋጋ መጨመሬን ግን እንዴት ልንገራቸው?

ባለ ባልትና፣ ሀዋሳ፦
በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ ድንገት እንዳትጨምሪ። ከአሁኑ ደውለሽ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዋጋው ይህ ነው በያቸው። እኔ ከሃያ ደንበኛ አራቱ ሄዱብኝ፣ ሁለቱ ተመልሰዋል።