ክርክር፦ የላብራቶሪ ተማሪ የኒውክሌስን ሽፋን ጠልቆ ይማር?

አወያይ፦ ሰላም ደሴና ኮምቦልቻ። የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የሕክምና ላብራቶሪ ተማሪዎች ስለ ኒውክሌስ (ዲኤንኤ የሚቀመጥበት የሕዋስ እምብርት) ሽፋን ፕሮቲኖችና ስለ ጂን ቁጥጥር (የትኛው ጂን ሠርቶ የትኛው ዝም እንደሚል) በዝርዝር ይማሩ፣ ወይስ ያ ሰዓት ለወባና ለቲቢ ልምምድ ይዋል?

የቦርከና ልጅ፦ ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ለልምምድ የሚመጡልኝ ልጆች ሁለቱን የወባ ተህዋስ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምን ከቫይቫክስ መለየት ያቅታቸዋል። ደሙን ስላይድ ላይ በስሱ መዘርጋት እንኳ ገና ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወባው ደጃችን ላይ ነው፤ በዚህ ላይ የኒውክሌስ ፕሮቲን፣ ላሚን ምናምን መጫን ልጆቹን መበደል ነው።

የጦሳ መምህር፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ኒውክሌስን እንደ ከረጢት ስናስተምር መኖራችን ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ሁለት ሜትር ገደማ ዲኤንኤ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ላሚን የሚባሉት ፕሮቲኖች እንደ ሰሌን ተጠላልፈው ተዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በሰው የሳንባ ሕዋስ ውስጥ ላሚኑን የሚነካውን ዲኤንኤ ካርታ ሲያነሱ ከ1,300 በላይ ሰፋፊ ቀጠናዎች አገኙ። እዚያ ያሉት ጂኖች አብዛኞቹ ዝም ያሉ፣ ማለትም የማይሠሩ ናቸው። የጉበትና የነርቭ ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው ለየቅል እንዲሠሩ ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግድግዳው ጋ ስለተጠጋ ብቻ ዝም አለ አይባልም። በዚያው ዓመት ጂኖችን ሆን ብለው ወደ ላሚኑ የሳቡ ሙከራዎች ነበሩ። አንዳንዱ ጂን ሥራው ቀነሰ፤ ሌላው እዚያው ተጣብቆ መሥራቱን ቀጠለ።

የጦሳ መምህር፦ ልክ ነሽ፣ ተቀብያለሁ።

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦ እኔ ሳይንሱን አላውቅም፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ልጄ ደሙ ተመርምሮ «ኢንፌክሽን አለበት» እየተባለ ሦስት ጊዜ የመርፌ መድኃኒት ታዘዘለት። ትኩሳት የለው፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ወላሂ ሌሊት እየተነሳሁ ግንባሩን ስዳብስ ነበር የማድረው። በኋላ ሌላ ቦታ ያየችው ባለሙያ ማይክሮስኮፑን ለእኔም አሳየችኝ። ወይን ጠጅ የመሰሉ ሁለት ክብ ነገሮች በቀጭን ክር ተያይዘዋል፣ ልክ መነጽር! ከዚያ የአባቱን ደም አምጪ አለችኝ። የሱም ያው መነጽር ሆኖ ተገኘ።

የጦሳ መምህር፦ እትዬ፣ እንኳን ደህና ሆነ። እሱ የኒውክሌስ ቅርጽ ለውጥ ፔልገር ሁዌት ይባላል። ኤልቢአር የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ክሮማቲንን (ዲኤንኤውን ከነተጠቀለለበት ፕሮቲን) ከኒውክሌሱ ሽፋን ጋር የሚያያይዝ። መንስኤው በዚህ ፕሮቲን ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ጤነኛ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋሱ ግን ኒውክሌሱ ከሦስት እስከ አምስት መከፈል ሲገባው ሁለት ላይ ይቀራል። ለማያውቅ ዓይን ያልበሰለ ሕዋስ ይመስላል፤ ያልበሰለ ሕዋስ ሲበዛ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው ይባላል።

የቦርከና ልጅ፦ ይሄ ነገር ከነከነኝ። እኔም አይቼው «ሌፍት ሺፍት» (ያልበሰለ ሕዋስ በዝቷል) ብዬ ጽፌ ያለፍኩት ሰው ይኖር ይሆናል። ቢሆንም ለዚህ አንድ የስላይድ ሥዕል ይበቃል፤ ኤልቢአር ምን ይሠራልኛል?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ አይበቃም። ባለሙያዋ የአባቱን ደም የጠየቀችው ነገሩ በዘር እንደሚተላለፍ ስለምታውቅ ነው። ያው መልክ በአንዳንድ የመቅኒ በሽታዎችና መድኃኒቶችም ይመጣል፤ የመቅኒው ደግሞ ዝም የሚባል አይደለም። ሥዕሉን ብቻ የሸመደደ ሰው ወይ ጤነኛውን ያስወጋል፣ ወይ የታመመውን «አብሽር፣ ምንም የለብህም» ብሎ ይሸኛል። እኛ ነን ነገ እዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ የምንቀመጠው፤ ምክንያቱን አስተምሩን።

የቦርከና ልጅ፦ እሺ፣ እሱስ ይማሩት። ሰዓቱ ግን ከወባው ልምምድ አይነካም፤ ከሌላ ንድፈ ሐሳብ ይቀነስ። ከዚህ አልወርድም። ለልምምድ ልጆቼ የማሳየው ስላይድ ቢገኝ ግን ደስ ይለኛል።

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦ የልጁ አባት እዚያው ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ቀኑን ንገረኝ፣ መጥቶ ደሙን ይሰጥሃል።